ለራሱ ለቅሶ የደረሰው ሾፌር

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ተስኖኝ ነው የኖርኩት። የመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ መታወቂያ «የኤሌክትሮኒክ መረጃ ልውውጥ አስተዳዳሪ» ይላል። የሰፈሬ ሰዎች «አስተዳዳሪ» የምትለዋን ብቻ መርጠው ያነቡና የውኃ ቆጣሪ እንዳስገባላቸው ይለምኑኝ ነበር። ሥራው ይኸው ነው፦ የእኛ ድርጅት ኮምፒውተርና የደንበኛው ኮምፒውተር ትእዛዝና ደረሰኝ ይላላካሉ፤ እኔ መሀል ቁጭ ብዬ ሁለቱ እንዳይጣሉ እሸመግላለሁ። አንዱ አራተኛው ሳጥን ላይ «ብዛት» ብሎ የላከውን ሌላው «ክብደት» ብሎ ካነበበው ጉድ ፈላ። አብረውኝ የሠሩት ወጣቶች ይህን ከመጽሐፍ ነው የተማሩት። እኔ ግን በደርግ ጊዜ፣ ኢሉባቦር ውስጥ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሲሞት አይቼ ነው የተማርኩት።

ተረጋጉ፣ እነግራችኋለሁ።

ያኔ ገና ለጋ ነበርኩ። ወይንሸት እባላለሁ፣ የደብረ ዘይት ልጅ ነኝ። የራዲዮ ኦፕሬተርነት ኮርስ ጨርሼ ምደባ ሲወጣ መቱ ደረሰኝ። እናቴ «መቱ የት ነው?» ብትል አንድ ዘመዳችን «ዝናቡ ከሚጀምርበት ትንሽ አለፍ ብሎ» አላት። አልዋሸም። የተመደብኩት ቡና በሚገዛ የመንግሥት ድርጅት ቅርንጫፍ ነበር። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ራዲዮኑን ከፍቼ የቅርንጫፉን የዕለት ሪፖርት ለአዲስ አበባ አነባለሁ። ታዲያ በወሬ መልክ አይደለም። ቅጹ ላይ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ቁጥር አለው፤ እኔ የመስመሩን ቁጥርና መልሱን ብቻ እላለሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ኦፕሬተር በእሱ ቅጽ ላይ እዚያው መስመር ላይ ይጽፈዋል። ጥያቄውን ማንበብ ክልክል ነው። መመሪያው «አላስፈላጊ ቃል ባትሪ ይጨርሳል» ይላል።

የአዲስ አበባው ኦፕሬተር አበራ ይባላል። አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው። ወፍራም ድምፅ ስለነበረው ረጅምና ትከሻው ሰፊ አድርጌ ስዬው ነበር።

ሌላም ሕግ አለ። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ጋር በራዲዮ መነጋገር አይችልም። የሁሩሙ ጣቢያ መቱን «ደህና አደራችሁ» ለማለት ቢፈልግ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ነው፤ ያውም ቅጹ ላይ «ደህና አደራችሁ» የሚል መስመር ካለ። ምክንያቱ የአብዮቱ ደኅንነት ነው። ከሰዓቱ ውጭ ራዲዮ ነካክቶ የተገኘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ማንም አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቅም። እውነቱን ለመናገር ግድም አልነበረኝም። ራሴን እንደ ቧንቧ ነበር የማየው፣ ቧንቧ ደግሞ በውስጡ ስለሚያልፈው ውኃ አይጨነቅም።

ያን ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ቅጽ መጣ። ሰባተኛው መስመር «ከሥራ ውጭ የሆነ ተሽከርካሪ፣ ከነሾፌሩ ስም» ይላል። ለዚህ መስመር የእኛ ቅርንጫፍ የተፈጠረ ነው። ሙሽሪት የምትባል አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችን። ስሙን ያወጣላት ሾፌሯ ገመቹ ዋቅጅራ ነው፤ ካልለመኗት ከቤት አትወጣምና። ጋሽ ገመቹ የጎረቤቷ ከተማ የኖፓ ልጅ ነው፣ ሳቁ ከሆዱ የሚነሳ፣ መኪና ሥር ተኝቶ እንኳ የሚዘፍን ሰው።

በአዲሱ ቅጽ የመጀመሪያ ቀን ሙሽሪት አልነሳም አለች። እኔም ጠዋት ሪፖርቴን ሳነብ «ሰባት፦ አንድ። ገመቹ ዋቅጅራ» አልኩ። አበራ «ይደገም» አለ። ደገምኩ። «ሮጀር። በጣም ያሳዝናል» አለኝ። ለመኪና እንዲህ የሚያዝን ሰው በማግኘቴ ልቤ ተነካ።

ከሰዓት በኋላ ራዲዮኑን እንደከፈትኩ ጠራኝ።

«መቱ፣ መቱ፣ አዲስ አበባ ነው። ከሠራተኛ አስተዳደር መልእክት አለ፤ ጻፊ። በጓድ ገመቹ ዋቅጅራ ድንገተኛ ኅልፈት የተሰማንን ጥልቅ ኀዘን እንገልጻለን። ለቤተሰብ እንዲነገር ለኖፓ ጣቢያ አስተላልፈናል። ሟቹ በእጁ የነበረውን የመንግሥት ንብረት፣ ክሪክና ትርፍ ጎማ ጭምር፣ ቅርንጫፉ በአስቸኳይ ይረከብ።»

በመስኮት አየሁ። ከሙሽሪት ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ከእግሮቹ ወዲያ ዘፈን ይሰማል። ዘፈኑ ቆመና «ወይኒ! እስቲ ያቺን ካቻቢቴ አቀብዪኝ!» አለ ሟቹ።

«አበራ፣ ሰውየው እኮ…» ብዬ ሳልጨርስ «የመቱ ሰዓት አልቋል። ጎሬ፣ ጎሬ፣ አዲስ አበባ ነው» አለና ሄደ።

ካቻቢቴውን ይዤ ወጣሁ።

«ጋሽ ገመቹ፣ ሞተሃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ለካ ለዚህ ነው ወገቤን የያዘኝ!» ብሎ ሳቀ። መኪናዋ ራሷ ከላዩ የተንቀጠቀጠች መሰለኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የመልእክቱን ቀሪ ነገርኩት፤ ለኖፓ ጣቢያ መነገሩን። ሳቁ እንደተቆረጠ ቀረ። ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ግራሶ በተቀባ እጁ ፊቱን ያዘ።

«አዮ» አለ። አዮ እናቱ ናቸው፣ አዴ ጫልቱ። «የአባቴን መርዶ የነገሯት ቀን ወድቃ ግራ ጎኗ እስከ ዛሬ ይጎትታታል። ወይኒ፣ ሁለተኛ መርዶ አትችልም። ትሞትብኛለች።»

አንድ ተስፋ ግን ነበረን። መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም። የኖፓው ራዲዮ ኦፕሬተር ጋሽ በላይ የሰማውን ሮጦ ለእናት አይነግርም፤ ለሽማግሌዎች ነው የሚነግረው። እነሱ ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ያድሩና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ። እስከ ንጋት ጊዜ አለን ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ መርሻ ጋ ገባን። መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ፣ በዚያ ጊዜ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነበር እንጂ። ገመቹን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና መልእክቱን አነበቡ። እንደገና ገመቹን አዩ።

«ጓድ መርሻ፣ ከሰዓት ውጭ አዲስ አበባን ልጥራና ስሕተት ነው ልበል፤ ፈቃድ ይፈርሙልኝ» አልኩ።

«የማን ስሕተት?»

«እኛ የላክነው ትክክል ነው።»

«እንግዲያው ማዕከሉ ተሳስቷል ነው የምትዪኝ። በዚህ ላይ ልፈርም? ቅርንጫፉ ተሳስቷል ብዬ ደግሞ በራሴ ላይ ልፈርም?» ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። «ጉዳዩ ተጠንቶ የእርማት መመሪያ እስኪመጣ ድረስ… ገመቹ፣ አንተ ለጥቂት ቀን ባትታይስ?»

«የት ልሂድ ጓድ መርሻ? መቃብር?»

መኪና አልነበረም። ጂፑን የፓርቲው ሰዎች ወስደውታል፣ ሙሽሪት ደግሞ ሙሽሪት ናት። በእግር መሄድ ነው፤ ለዚያም የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ጓድ መርሻ ማኅተሙን አነሡና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ለሟች ይለፍ ብሰጥ ኦዲተር ምን ይለኛል?» አሉ። ከልባቸው ነው። በመጨረሻ ወረቀቱ በእኔ ስም ወጣ። ምክንያት፦ «የሥራ ባልደረባ ለቅሶ ለመድረስ»። ግርጌው ላይ «ከአንድ ረዳት ጋር» ብለው ጻፉ። ኖፓ የመሄዴ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጀግንነት አይደለም፣ ማኅተም ነው።

ክረምት ነበር። የኖፓ መንገድ በክረምት መንገድ አይባልም፣ የጭቃ ሐሳብ ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ገመቹ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘፍን አየሁት። ኬላው ላይ ስንደርስ መሸት ብሎ ነበር። አንድ አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃው ከራሱ የሚረዝም፣ ወረቀቱን በፋኖስ አነበበ።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የገመቹ ዋቅጅራ» አልኩ።

«ነፍስ ይማር። ሾፌሩ ገመቹ? ደግ ሰው ነበር።» ወደ ረዳቴ ዞረ። «አንተስ ማን ትባላለህ?»

ገመቹ ውሸት አይሆንለትም። «ገመቹ ዋቅጅራ» አለ።

ጠባቂው ፋኖሱን አስጠግቶ ፊቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ጠመንጃውን አቀባበለ። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሰባተኛ መስመር ለጠመንጃ ማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? «ወይ ሟቹ አንተ አይደለህም፣ ወይ ለቅሶው የለም። ከሁለት አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ነገ በብርሃን እናየዋለን» አለ። የሰዓት እላፊውም ደርሷል ብሎ የኬላው ጎጆ ውስጥ አስቀመጠን። ስለዚያ ሌሊት የምነግራችሁ የለኝም፤ ጎጆው ያፈሳል፣ ገመቹ በሩን ሲያይ አደረ። ሰማዩ ሊገረጣ ሲል ጠባቂው ራሱ ደክሞት «ሂዱ በቃ! በሞተና ባልሞተ ሰው አልቸገርም» ብሎ ለቀቀን። ሮጥን።

የአዴ ጫልቱ ቤት ከኖፓ ዳር፣ ከቡና እርሻ ጥግ ነው። አጥሩን ስናይ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ደርሰው ነበር፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ከፊት ሐጂ ከማል ናቸው፤ የከተማው ባለሱቅና የሽማግሌዎች አለቃ። ከኋላ ጋሽ በላይ አለ። ሐጂ እጃቸውን ወደ በሩ ሲሰዱ ገመቹ ከኋላ ያዛቸው።

ሐጂ ዞሩ። «ቢስሚላህ!» አሉና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። «ሰው ነህ ጂን?»

«ሾፌር ነኝ ሐጂ! አልሞትኩም። አዲስ አበባ ነው የተሳሳተው።»

ክንዱን ዳሰሱት፣ ጭቃውን ዳሰሱት፣ ከዚያ አቀፉትና በሹክሹክታ አለቀሱ። ሌሎቹም በየተራ አቀፉት። ደርሰናል። ቃሉ አልወጣም። ተነፈስን። እዚያው በሩ ላይ ቆመን፣ ሁላችንም በደስታ ዓይናችን ቀልቶ፣ አፋችንን እያፈንን ተሳሳምን።

አንዳችንም ግን ከዚያ ዞር እንበል ብሎ ያሰበ የለም። ቃሉን ለማቆም ይህን ሁሉ መንገድ መጣን፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ በር ላይ ከቆመ ቃል እንደማያስፈልግ የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ያን ጊዜ ግን ሁላችንም ዘነጋነው። ውሻው ጮኸ። በሩ ተከፈተ።

አዴ ጫልቱ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሽማግሌዎቹን አዩ። የተዘቀዘቀውን ጋቢ አዩ። ዓይኑ የቀላውን ልጃቸውን አዩ። እኔን፣ ከመሥሪያ ቤት የመጣች የማያውቋትን ልጅ፣ አዩኝ።

«ኤኙ?» አሉ። ማን? ማለታቸው ነው።

«አዮ፣ አኒ ሂን ዱኔ! አልሞትኩም፣ ይኸው!» አለ ገመቹ።

«አንተ አለመሞትህንማ እያየሁ ነው» አሉት ቀስ ብለው። «ቶሌራ ነው።»

ቶሌራ ታናሹ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ስለ እሱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም አላሰበም ነበር። አዴ ጫልቱ በትራቸውን ጣሉና መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ማንም አልሞተም!» አልን ሁላችንም።

«ማንም ካልሞተ ሐጂ በዚህ ሰዓት በሬ ላይ ምን ይሠራሉ?»

ሐጂ ከማል ግራ ገባቸው። «እ… ጨው ገብቷል። ጨው መግባቱን ልነግርሽ» አሉ። አዴ ጫልቱ ባሰባቸው። በስኳር ካልሆነ በቀር ዋሽተው የማያውቁት ሐጂ ስለ ጨው ከዋሹማ ነገሩ አልቋል። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ገመቹ እየማለ ስለ ራዲዮው፣ ስለ ቅጹ፣ ራሱ ሞቷል ስለመባሉ ነገራቸው። እናቱ ግን መርዶ ሲነገር መጀመሪያ «ትንሽ አመም አድርጎት ነው» ተብሎ እንደሚጀመር ያውቃሉ፤ ማባበያውን የለመደ ሰው ምን ቢነግሩት ያምናል? ደግሞ እንዲህ አሉን፦

«መንግሥት የሞተውን ሲደብቅ ነው የማውቀው። ያልሞተውን ሞተ ሲል ሰምቼ አላውቅም።»

ግራ ጎናቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውኃ ሲሰጧቸው አፋቸውን ገጠሙ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ። ገመቹ የፈራው ነገር ዓይኔ እያየ እየሆነ ነው፣ ያውም በሌላ ልጅ ስም። ቧንቧ ነኝ ማለቴ ትዝ አለኝ፤ ትናንት ጠዋት በእኔ በኩል ያለፈው ውኃ ይኸው ነው፣ ይህችን ሴት አፈር ላይ ጥሏታል።

«ቶሌራ የት ነው ያለው?» አልኩት ገመቹን።

«አሰብ። ወደቡን ከሚጠብቀው ጦር ጋር።»

አሰብ! የእኛ ቡና የሚጫነው ከአሰብ ነው። ድርጅታችን አሰብ ወደብ ላይ ጣቢያ አለው። ጋሽ በላይን ጎትቼ ወደ ራዲዮ ክፍሉ ወሰድኩት። ምን ልሠራ እንደሆነ ሲገባው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ወይኒ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሽ በላይ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አንቴናው የዘመመ መሰለኝ፣ ወጥቼ ልየው» አለና ወጣ። ሪፖርት እስኪያልቅ ድረስ አንቴና ሲያይ ቆየ።

የጠዋቱ ሰዓት ደረሰ። «ኖፓ፣ ኖፓ፣ አዲስ አበባ ነው።»

«አዲስ አበባ፣ ኖፓ ነው።»

«ይሄ የመቱ ድምፅ ነው» አለ አበራ።

«አበራ፣ ያንተ ቅጽ ላይ ሰባተኛ መስመር ምን ይላል? አንብብልኝ።»

«ጥያቄ ማንበብ ክልክል ነው።»

«አንብበው!»

«በሞት የተለየ ሠራተኛ ስም» አለ።

«የእኔ ‹ከሥራ ውጭ የሆነ ተሽከርካሪ› ነው የሚለው።»

በኋላ እንደታወቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ቅጹን አሳትሞ ከላከልን በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ሌላ አሳትሟል፤ ሁለተኛው ለአበራ ራዲዮ ክፍል ደረሰ፣ ለእኛ አልደረሰም። ሁለታችንም ያለ ስሕተት የተሳሳተ ነገር ስንለዋወጥ ነበር።

«ሰውየውስ?» አለ አበራ በመጨረሻ።

«ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ የራሱን ንፍሮ እየበላ ነው። እናቱ ግን አፈር ላይ ናት። ወንድሙ ቶሌራ የሞተ መስሏታል፤ አሰብ ነው ያለው። ከእሱ አንድ ቃል ካላመጣህልኝ ዛሬ በእውነት ሰው ይሞታል።»

«ይህን መስመር ለግል ጉዳይ መጠቀም ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«የአባቱን ስምና የጦር ክፍሉን በማስታወሻ መስመር አድርገሽ አንብቢ። ቀስ ብለሽ» አለ።

ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱን በወንበር ተሸክመን ጣቢያው መስኮት ሥር አስቀመጥናቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ተከትሎ መጣ። እሳቸው መምጣት አልፈለጉም ነበር፤ ሐጂ ከማል ናቸው «መርዶ ከሆነ አንድ ጊዜ በቁርጥ ስሚው» ብለው ያሳመኗቸው። ገመቹ የእናቱን ግራ እጅ በሁለት እጁ ይዟል።

«ኖፓ፣ ኖፓ» አለ አበራ። «የአሰብ ጣቢያ የዕለት ሪፖርት ግልባጭ። አንድ፦ የታጠበ ቡና፣ በመጋዘን…»

አበራ ሕግ አክባሪ ነው። ወንጀሉን እንኳ በቅደም ተከተል ነው የሚሠራው። የተጫነውን ጆንያ አነበበ። ያልተጫነውን አነበበ። የሚጠበቀውን መርከብ አነበበ። ኖፓ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ስለ ጆንያ ሰማ። አንዲት ሴት «የትኛው ጆንያ ውስጥ ነው ልጁ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ስድስት፦ የተበላሸ ሚዛን፣ የለም። ሰባት፦» አለና ቆመ። «ሰባት፦ ባዶ። እደግማለሁ፣ ባዶ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «እትዬ፣ በአሰብ ማንም አልሞተም ማለት ነው» አልኳቸው፣ ወታደር በእኛ ቅጽ እንደማይቆጠር ረስቼ።

አዴ ጫልቱ ቀና አላሉም። «ወረቀት ላይ ባዶ መሆን ቀላል ነው ልጄ» አሉ።

«ማስታወሻ» አለ አበራ። «ወታደር ቶሌራ ዋቅጅራ ጣቢያው ድረስ በአካል ቀርቦ የሚከተለውን አስመዝግቧል፦ ባለፈው የተላከው ጭኮ ደርሷል። ቅቤው አንሷል። በሚቀጥለው ይስተካከል። ማስታወሻው አለቀ።»

አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው ራሳቸውን አነሡ።

«ምኑ አነሰ አለ?»

«ቅቤው፣ እትዬ።»

«ቅቤው!» ገመቹን «በትሬን አምጣ» አሉት። ሰጣቸው። ተነሥተው ቆሙ፤ ግራ ጎናቸውን እየጎተቱ ወደ ራዲዮው መስኮት ተጠጉና በበትሩ ግድግዳውን መቱት። «ሆዳም! ያቺን የመሰለች ገንቦ ቅቤ አራግፌበት! እሱ ነው! ኢልማ ኮ፣ ልጄ! ጭኮዬን ከሱ በቀር ያማ ሰው በዚህ ምድር የለም!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። የሚቀጥለውን እልልታ ኖፓ ሁሉ ተቀበለው። ጋሽ በላይ አንቴናው ሥር ቁጢጥ ብሎ ሲያለቅስ አየሁት። ንፍሮው ሳይባክን ተበላ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ ሐጂ ከማል ሙክት አሳረዱ። ጨውም በእርግጥ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። መቱ ስመለስ ግለ ሂስ አስደረጉኝ። «የሕዝብን ራዲዮ ለጭኮ ጉዳይ በማዋል የንዑስ ከበርቴ ስሜት አሳይቻለሁ» ብዬ በስብሰባ ፊት አነበብኩ፤ ጽሑፉን ያረቀቁልኝ ጓድ መርሻ ነበሩ፣ «ንዑስ ከበርቴ» የምትለዋን በጣም ወደዷት። ገመቹ በሕይወት መኖሩ በይፋ እስኪጸድቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ እስከዚያው ሙሽሪትን የሚነዳት በመዝገብ ሟች የሆነ ሾፌር ነበር። እኔን ከራዲዮ አንሥተው ወደ አዲስ አበባ አዛወሩኝ፤ ዓይናቸው ሥር እንድሆን። ያስቀመጡኝ ቅጽ የሚዘጋጅበት ክፍል ነው። ለቅጣት ያስገቡኝ ክፍል የዕድሜ ልክ ሙያዬ ሆነ። አበራንም አየሁት፤ አጭር ነው፣ መላጣ ነው። ባሌ ሆነ ብዬ እንድጨርስላችሁ የጠበቃችሁ ካላችሁ አዝናለሁ፤ ሚስቱ አጠገቡ ነበረች፣ ቁጡ ነገር ናት።

ቶሌራ ደርግ ሲወድቅ በስንት መከራ ተመለሰ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ነገር ግን ሆዳምነቱ እንዳለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዛሬ በስልካችሁ አንድ ቁልፍ ነክታችሁ ነገር ወዲያ ማዶ የምትልኩ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሽኖቹ «ደርሷል» ይሏችኋል። ደርሷል ማለት ተግባብተናል ማለት አይደለም። እኔና አበራ በየቀኑ «ሮጀር» ስንባባል ነበር ሰው የገደልነው። ስለዚህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንዲት ሳጥን በተቀየረች ቁጥር ስልክ አንሥቼ ማዶ ላለው ሰው እደውል ነበር፤ «አንተ ጋ ምን ይላል? አንብብልኝ» እላለሁ። ወጣቶቹ «እናታችን ደግሞ ጀመራቸው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከሳጥኑ ወዲያ በር የምትከፍት ሴት እንዳለች አላዩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ ነኝ። ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ገመቹ ነው፣ ሸብቷል፤ አጠገቡ የሰፈራችን የእድር ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እኔን፣ የደብረ ዘይትን ልጅ፣ እንደ እናቱ ልጅ ቆጥሮኝ ከዚያ ሁሉ አገር መርዶውን ሊያደርስልኝ መጥቷል። ማንም አፉን ሳይከፍት አዴ ጫልቱ መሆናቸውን አወቅሁ፣ ግን የለመደ አፌ ጠየቀ።

«ጋሽ ገመቹ… አረጋግጠሃል?»

ወደ ደረቱ አስጠጋኝ።

«ይሄኛው ትክክል ነው ወይኒ» አለኝ።